ሥሩን ሳላይ የገዛሁት ችግኝ

አዳማ፣ ግቢዬ ጥግ ላይ 12 ካሬ የምትሆን መደብ አለችኝ። 3 ዓመት ቲማቲም አብልታኛለች። በ4ኛው ዓመት ቲማቲሙ ቀትር ላይ እየጠወለገ ማታ ቀና ይል ጀመር። ባጠጣውም በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ያው ነው።

ባለሙያ ጠራሁ። የግቢው በር ላይ እንደቆመ አየና "ናይትሮጅን አንሶታል፣ ዩሪያ ይጨምሩበት" አለኝ። ጨመርኩ። የመድኃኒት ሱቅ ሄድኩ፤ ልጁ ለቅጠል ተባይ የሚረጭ ሸጠልኝ። ረጨሁ። ሁለቱም "እስቲ አንዱን ይንቀሉት" አላሉኝም። ለነገሩ እኔም አላሰብኩትም።

በመጨረሻ ተናድጄ አንዱን ስነቅለው ሥሩ ዝንጅብል መስሎ ወጣ። ባቄላ ሥር ላይ የሚገኘው ዓይነት እንክብል መስሎኝ ነበር። የባቄላው ግን በጥፍር ሲነኩት ይረግፋል፤ የእኔው ያበጠው ሥሩ ራሱ ነው። ኔማቶድ የሚባል የሥር ትል ነበር። ትሏ ወደ ሥር ስትገባ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ ስለማትሞላ በዓይን አትታይም። ሥር ውስጥ ገብታ ትቀመጥና በመቶ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። አፈሩ ሞቅ ካለ፣ ከእንቁላል ተነስታ እናት ለመሆን ወር ገደማ ይበቃታል።

"ሰብል ቀይር" የሚል ምክር በየወረቀቱ አለ። ካሮትና ቃሪያ ተከልኩ። ካሮቱ ሹካ መስሎ ወጣ። ለካ ሁለቱም ምግቧ ናቸው። በምን እንደሚቀየር የማይነግር ሰው ዝም ቢል ይሻላል። ማሪጎልድ አበባ በቲማቲሙ መሃል መሃል መሰካትም ለዓይን ነው እንጂ አይረባም። የሚሠራው መደቡን ብቻውን ጥቅጥቅ ብሎ ሁለት ሦስት ወር ሲይዘው ነው።

እኔን ያዋጣኝ ፀሐይ ነው። መጋቢት ላይ ቆፈርኩ፣ የቀረ ሥር ለቀምኩ፣ በደንብ አጠጣሁ። ብርሃን የሚያሳልፈውን ላስቲክ (ጥቁሩን አይደለም) አለበስኩትና ጠርዙን በአፈር ቀበርኩ። 6 ሳምንት ተውኩት። አንድ ቀን ቀትር ላይ ጠርዙን ስገልጥ የድስት ክዳን ያነሳሁ ያህል እንፋሎቱ ፊቴን ገረፈኝ።

አሁን የሚያንገበግበኝ ቦታ ደረስኩ። ላስቲኩን ባነሳሁ በሦስተኛው ቀን ችግኝ ልገዛ ወጣሁ። ራሴ ላፈላ አስቤ ነበር፤ ትዕግሥት አጣሁ። ሴትዮዋ 40 ችግኝ በእርጥብ ጆንያ ጠቀለለችልኝ። ግንዱ ወፍራም፣ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ነው። "ጤነኛ ነው?" አልኳት። "ጋሼ፣ ይኼን አይተው ነው የሚጠይቁኝ?" አለችኝ። ሥሩ በጭቃ ተሸፍኗል። እኔ ደግሞ ጭቃው እንዳይረግፍ ተጨንቄ፣ ባጃጅ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፌ አመጣሁት። ከነጭቃው ተከልኩት። 6 ሳምንት ቀቅዬ ያባረርኳትን ትል፣ የባጃጅ ሒሳቧን ከፍዬ ቤቷ መለስኳት።

በ7ኛው ሳምንት የቀትሩ መጠውለግ መጣ። ነቀልኩ። ዝንጅብል። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ባለቤቴ ወጥታ "ደግሞ ምን ሆንክ?" አለች። ሥሩን ዘረጋሁላት። "ባጃጅ ላይ ታቅፈኸው የመጣኸው ነው?" አለች። እስካሁን ትስቅብኛለች።

ምናልባት ላስቲኩ አልሠራ ይሆን ብዬ ነበር። ግን መደቡ ጫፍ ላይ ሳልተክላቸው የበቀሉ ሁለት ቲማቲሞች ነበሩ። ነቅዬ ሳያቸው ሥራቸው ንፁህ ነው። ሴትዮዋ ጋ ተመልሼ ሄድኩ። ዳር ላይ ከተጣለው ችግኝ አንዱን አንስቼ ጭቃውን ሳራግፍ ስንዴ ስንዴ የሚያካክሉ እብጠቶች አሉበት። ያን ዕለት አንድ ጆግ ውኃ ብጠይቅና አንዱን ብነክረው በግማሽ ደቂቃ የማየው ነገር ነበር። ልቆጣት ፈለግኩ፤ እሷ ግን የምታውቀው ነገር የለም። የማውቀው እኔ ነበርኩ።

በቀጣዩ ዓመት መጋቢት መደቡን እንደገና ላስቲክ አለበስኩት። ችግኜን በላስቲክ በተቀቀለ አፈር ራሴ አፈላለሁ። ያበጠ ሥር ኮምፖስት ውስጥ አልጨምርም፣ አቃጥለዋለሁ። ጎረቤት ያዋስኩት ዶማ ሳይታጠብ መደቤን አይነካም፤ ቅር የሚለው ቅር ይበለው።

ከመትከሌ በፊት ደግሞ ከመደቡ አምስት ቦታ አፈር እዘግናለሁ። በቲማቲም ድልህ ጣሳ እሞላና ኪያር እዘራበታለሁ። ከ5 ሳምንት በኋላ ነቅዬ ሥሩን አጥባለሁ። ካበጠ ላስቲክ፣ ንፁህ ከሆነ ቲማቲም። የዘንድሮዎቹ ጣሳዎች መስኮቱ ላይ ናቸው። ባለቤቴ አንዱን ነቅላ ልታይ እጇን ትሰዳለች፤ ገና በ9 ቀኑ።