ሦስት መኪና ብርድ ልብስ

ዛሬ የአደጋ ምላሽ ልምምድ ላይ ዋልኩ። ጎርፍ ነው የተባለው፤ ውሃው ወረቀት ላይ ብቻ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ለአንድ መጠለያ ሦስት መኪና ብርድ ልብስ ደረሰ። ከሦስት ድርጅት! ማዶ ያለው መጠለያ ባዶውን ቀረ። አንዱን መኪና የላክሁት እኔ ነኝ፤ ደውዬ መጠየቅ እንኳ ትዝ አላለኝም።

አሰልጣኟ ምንም አልተናገረችን። አንድ ተራ ሠንጠረዥ ለጠፈች፦ ማን፣ ምን፣ የት።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚሠራበት የክላስተር አሠራርም መነሻው ይኸው ነው። ውሃ፣ ጤና፣ መጠለያ እያለ ሥራውን በዘርፍ ይከፍላል፤ ለየዘርፉ አስተባባሪ ይሰይማል። አስተባባሪው ግን አለቃ አይደለም። ማዘዝ የለም፤ ማግባባት ነው እንጀራው። (የስብሰባውን ብዛት ተዉት!)

ከሰዓት ደገምነው። መጀመሪያ ደወልኩ። መስመሩ ተይዟል። መኪናዬን ግን አላስነሳሁም።