የአልቲያ ጊብሰንን የቴኒስ ሕይወት ለሬዲዮ ስጽፍ የተሳሳትኩትና የተማርኩት

የጥቁር አሜሪካዊቷን ቴኒስ ተጫዋች የአልቲያ ጊብሰንን የቴኒስ ሕይወት የግማሽ ሰዓት የሬዲዮ ትረካ አድርጌ እንዳዘጋጅ በተጠየቅሁ ጊዜ ሥራው በሦስት ቀን የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ድሎቿ የታወቁ ናቸው፤ (ዓመቶቹን «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው) በ1956 የፈረንሳይ ሻምፒዮናን፣ በ1957 እና በ1958 ደግሞ ዊምብልደንንና የአሜሪካ ሻምፒዮናን በነጠላ አሸንፋለች፤ በጥንድና በድብልቅ ጥንድ ያገኘቻቸው ሲጨመሩ የታላላቅ ውድድሮች ድሎቿ 11 ይሆናሉ። ይህን ሁሉ በቅደም ተከተል ጽፌ ለታላቅ እህቴ ሳነብላት እስከ መጨረሻው በጸጥታ ሰማችኝና «ለመሆኑ ይህን ሁሉ አሸንፋ ስንት ብር አገኘች?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። «ታዲያ ማን እያበላት ነው የተጫወተችው?» ስትለኝ ግን የምመልሰው አጣሁ፤ የሦስት ቀኑ ሥራም ሁለት ወር ፈጀ።

እስከ 1968 ድረስ ታላላቆቹ ውድድሮች የሚቀበሉት አማተር ተጫዋቾችን ብቻ ነበር። አማተር ማለት ጀማሪ ማለት ሳይሆን ለሽልማት ገንዘብ የማይጫወት ማለት ነው። ስለዚህ የእህቴን ጥያቄ ይዤ ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ። ጊብሰን በ1927 በሳውዝ ካሮላይና፣ ሲልቨር በምትባል ስፍራ ከጥጥ እርሻ የእኩል አራሾች ተወልዳ ያደገችው በኒውዮርክ ሃርለም ነው። ለልጆች ጨዋታ ሲባል ለመኪና በሚዘጋው 143ኛው ጎዳና ላይ በእንጨት መምቻ ስትጫወት ችሎታዋ ታየ፤ የሰፈሩ ሰዎችም ገንዘብ አዋጥተው የኮስሞፖሊታን ክለብ አባል እንድትሆንና ፍሬድ ጆንሰን ከሚባል ባለ አንድ እጅ አሠልጣኝ እንድትማር አደረጉ። ከ1946 ጀምሮ ሁለት ጥቁር ሐኪሞች ተቀበሏት። በትምህርት ወራት በዊልሚንግተን ዶክተር ሁበርት ኢተን ቤት፣ በግቢው ውስጥ ባለ ሜዳ እየተለማመደች ትኖር ነበር፤ በክረምት የሊንችበርጉ ዶክተር ዋልተር ጆንሰን ከውድድር ወደ ውድድር ይዟት ይዞር ነበር። ከ1947 ጀምሮ የጥቁሮችን ሻምፒዮና አሥር ዓመት በተከታታይ አሸነፈች። ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰች በኋላም በሚዙሪ የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ሆና ሠርታለች። በመጀመሪያው ረቂቄ በአንድ መስመር ያለፍኩት ይህ ሁሉ በመጨረሻ የትረካውን ሲሶ ያዘ።

የአሜሪካ ሻምፒዮና በሚካሄድበት ፎረስት ሂልስ ለመጫወት ግን ችሎታ ብቻውን አልበቃም። ለመጋበዝ አስቀድሞ በሌሎች ውድድሮች መታየት ያስፈልግ ነበር፤ እነዚያን የሚያዘጋጁት ክለቦች ደግሞ ጥቁር አያስገቡም ነበር። ዝግ መሆኑ ሳይነገር የተዘጋ በር ነው። የቀድሞዋ ሻምፒዮን አሊስ ማርብል በጁላይ 1950 በአንድ የቴኒስ መጽሔት ላይ ግልጽ ደብዳቤ ጽፋ የራሷን ስፖርት ሰዎች ካሳፈረች በኋላ፣ በዚያው ክረምት ጊብሰን ገባች።

በጣም የደከምኩበት ክፍል የዚያ ዓመት ከሉዊዝ ብሮ ጋር ያደረገችው ግጥሚያ ነው። ብሮ የዊምብልደን ሻምፒዮን ነበረች። መጀመሪያ «ጊብሰን ሁለተኛውን ሴት 6 ለ 3 አሸነፈች» ብዬ ብጽፍ፣ እህቴ «ሁለተኛዋ ሴት ደግሞ ማን ናት?» አለችኝ። የቴኒስ ግጥሚያ የሚከፈልበትን አንዱን ክፍል «ሴት» (set) ማለት የጋዜጣ አንባቢ የለመደው ቢሆንም ለጆሮ አልሆነም፤ «ክፍል» በሚል ተካሁት። ከዚህ የባሰው ስሕተት የመጣው ከወረቀቱ ነው። የመጀመሪያውን 6 ለ 1 ተሸንፋ ሁለተኛውን ያሸነፈችው ጊብሰን፣ በሦስተኛው 7 ለ 6 እየመራች ሳለ ከባድ ዝናብ ወረደ፤ መብረቅም ከስታዲየሙ አናት ላይ አንዱን የድንጋይ ንስር መትቶ ጣለ። ጽሑፉን ያረመው ሰው «7 ለ 6 እየመራች» የሚለውን «7 ለ 6 አሸንፋ» አድርጎ አቀናው፤ የዛሬውን ታይ ብሬክ፣ ማለትም 6 ለ 6 ሲሆኑ ክፍሉን የሚቋጨውን አንድ መለያ ጨዋታ፣ ለሚያውቅ ሰው 7 ለ 6 ያለቀ ነገር ነውና አልፈርድበትም። በአሜሪካ ሻምፒዮና ታይ ብሬክ የመጣው ግን በ1970 ነው፤ በዚያን ዘመን በሁለት ጨዋታ እስኪበላለጡ ድረስ ይጫወቱ ነበር። በማግስቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ብሮ 9 ለ 7 አሸነፈች። ጽሑፉ ሳይታይ ቢተላለፍ ኖሮ ተሸናፊዋን አሸናፊ አድርገን ልንነግር ነበር። ከዚያ ወዲህ ለጆሮ እንግዳ ከሆነ ውጤት በፊት ደንቡን የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር አስቀድማለሁ።

የራሴ ስሕተትም አላነሰም። «የ1957 ዩኤስ ኦፕን» ብዬ ጽፌ ነበር፤ «ኦፕን» የሚባለው ውድድሩ ለገንዘብ ለሚጫወቱ ባለሙያዎች ከተከፈተ ከ1968 ወዲህ ነው። ዓመቱን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልስም በግድየለሽነት ሰባት ቀንሼ 1950 ዓ.ም. አልኩ። የፍጻሜው ጨዋታ የተካሄደው ግን ሴፕቴምበር 8 ነው፤ ይኸውም ጳጉሜ 3 ቀን 1949 ዓ.ም. ማለት ነው። እንቁጣጣሽ ሦስት ቀን ሲቀረው መሆኑ ነው፤ አድማጭ ይህን ሲሰማ ቀኑ ይቀርበዋል ብዬ እንዳለ ተውኩት።

ትረካውን በ1957 ንግሥት ኤልሳቤጥ በዊምብልደን ሽልማቷን ስትሰጣት፣ ቀጥሎም በኒውዮርክ ጎዳና ላይ ወረቀት እየተበተነላት ስታልፍ ለመጨረስ አስቤ ነበር። የእህቴ ጥያቄ አላስቻለኝም። ጊብሰን ከ1958 ድሏ በኋላ አማተርነትን ተወች፤ ዘውድ እንደማይበላ በግልጽ ተናግራለች። የትረካው የመጨረሻ ትዕይንት የቅርጫት ኳስ አዳራሽ ሆነ፤ ሰው የመጣው የሃርለም ግሎብትሮተርስ የተባለውን የቅርጫት ኳስ ቡድን ትርኢት ለማየት ነው፤ ከዚያ በፊት ወለሉ ላይ መረብ ይወጠርና የሁለት ጊዜዋ የዊምብልደን ሻምፒዮን ከሌላዋ ቴኒስ ተጫዋች ከካሮል ፋጌሮስ ጋር ለክፍያ ትጫወታለች።