በወንድሜ ፈንታ ተጠመቅሁ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ታናሽ ወንድሜ አሜሪካ ነው፤ ልቡ ደክሞ ስለነበር ከአምስት ዓመት በፊት የሟች ልብ ተተክሎለታል። ሟቹ ማን እንደሆነ አልተነገረንም።

ባለፈው ዓመት ትኩሳትና የደረት ሕመም ያዘው። በሲቲ ስካን ሲታይ፣ አዲሱ ልብ ከእርሱ ዋና የደም ቧንቧ ጋር በተሰፋበት ቦታ እብጠት ተገኘ። ተህዋሲያን ስፌቱን በልተውት፣ ደም እየሾለከ እንደ ከረጢት ተቋጥሯል። ልብ በተተከለላቸው ሰዎች ላይ እምብዛም አያጋጥምም፤ ከፈነዳ ግን ለሐኪም ጊዜ አይሰጥም። «እትዬ፣ ጸልዪልኝ» አለኝና ስልኩን ዘጋው።

ጻድቃኔ ማርያም ሄድሁ። ጠበል በጀሪካን ቀድቼ ልልክለት ስል፣ ሐኪሞች ያልፈላ ውኃ እንደከለከሉት ነገረኝ። ሰውነቱ የተተከለውን ልብ እንዳይዋጋ የሚወስደው መድኃኒት በሽታ የመከላከል አቅሙን ያዳክማል። አለቀስሁ፤ የእመቤታችን ጠበል እንዴት ይፈላል? የንስሐ አባቴ ሰምተውኝ፣ «ልጄ፣ እርሱ ሐኪሞቹን ይስማ፤ አንቺ በእርሱ ፈንታ ተጠመቂ» አሉኝ። ሰባት ቀን በስመ ክርስትናው ተጠመቅሁ። የዚያን አገር ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ጠበሉ ትከሻዬ ላይ ሲወርድ ትንፋሼ ቁርጥ ይል ነበር።

ቀዶ ሕክምናው በ21፣ በማርያም ዕለት ዋለ። ቀኑን የቆረጡት ሐኪሞቹ ናቸው፤ እኛ አልጠየቅንም። ደረቱ ሲከፈት እብጠቱ እንዳይፈነዳና እንዳይሞትባቸው፣ አስቀድመው በብሽሽቱ የደም ሥሮች በኩል የልብንና የሳንባን ሥራ ከሚተካ ማሽን ጋር አገናኙት። ሰውነቱን አቀዘቀዙ፤ የደሙን ዝውውር ለጊዜው አቆሙ። የተበከለውን ቆርጠው አውጥተው፣ ከሌላ ሟች የተለገሰ የደም ቧንቧ ሰፉለት። እኔ በዚያ ሰዓት ጋቢዬን ተከናንቤ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሜ እንቀጠቀጥ ነበር። ወንድሜ በዚያ ቀዝቅዞ፣ እኔ በዚህ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሚስቱ ደወለች። «ልቡ መምታት ጀመረ» አለችኝ። እልል ስል የተኙት ጠበልተኞች ተነሡ፤ ነገሩን ሳይጠይቁኝ አብረውኝ እልል አሉ። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ስድስት ሳምንት በደም ሥሩ የፀረ ተህዋስያን መድኃኒት ወሰደ፤ ዳነ። ዘንድሮ የተሳልሁትን ዣንጥላ ይዘን አብረን ሄድን። ለሁለቱ ለጋሾች ጸሎት እንዲደረግልን ስንለምን ካህኑ ስማቸውን ጠየቁን። ዝም አልን። ወንድሜ መዳፉን ደረቱ ላይ አኑሮ፣ «አባ፣ ስሙን አላውቀውም፤ አንደኛው ግን ይኸው እዚህ አለ» አላቸው።