ደብረ ብርሃን ሥላሴን ከልጆች ጋር እንዴት እንዳየሁ

የወንድሜ ልጆች ለዕረፍት ከአዲስ አበባ ጎንደር ሲመጡ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንን ማሳየት የእኔ ድርሻ ነው። ብዙ ጎብኚ ገብቶ ቀና ብሎ ጣሪያውን ያይና ወዲያው ይወጣል። እኔ ይህ አንጀቴን ይበላዋል። ስለዚህ በር ላይ ጫማችንን ስናወልቅ ለልጆቹ፣ «ዛሬ ሁሉን አናይም፤ ሦስት ነገር ብቻ እናያለን» አልኳቸው።

ሰዓቱን የመረጥኩት አስቤበት ነው። ቅዳሴ ካለቀ በኋላ፣ የክብረ በዓል ግርግር በሌለበት ቀን ሄድን። ከፀሐይ ሲገባ ውስጡ ይጨልማል፤ ዐይን እስኪለምድ ዝም ብሎ መቆም ያስፈልጋል። መጀመሪያ ቀዩና ቢጫው ብቅ ይላል፣ ቀጥሎ ሌላው ቀለም፣ ፊቶቹ በመጨረሻ። ልጆቹ ይህን ራሳቸው ሲያስተውሉ ደስ አለኝ።

ከመቅደሱ በር በላይ፣ ከስቅለቱ ከፍ ብሎ ሥላሴ አሉ። ጢማቸው፣ ፊታቸው አንድ የሆነ ሦስት አረጋውያን። ትንሿ «ለምን አንድ ዓይነት ሆኑ?» ብላ ጠየቀች። እኔ ከምመልስ እዚያው የነበሩትን የአብነት መምህር፣ «የኔታ፣ እስኪ ይንገሯት» አልኳቸው። «ልጄ፣ አንዱን ከአንዱ እንዳታበላልጪ ነው» አሏት። እኔ ረጅም ማብራሪያ አዘጋጅቼ ነበር፤ አላስፈለገም።

የኔታ ቀጠሉ። ደጋጎቹ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዐይናቸው ይሣላሉ፤ ክፉዎቹ በጎን፣ በአንድ ዐይን። ከዚያ በኋላ ልጆቹን ማን ያስቁማቸው! ግድግዳውን በዐይናቸው እየለቀሙ «ይሄ ክፉ ነው፣ ይሄ ደግ ነው» ይባባላሉ። ከሥዕሎቹ አጠገብ ያለውን የግዕዝ ጽሑፍም የኔታ አነበቡልን። ጽሑፉን የሚያነብ ሰው ከጎንህ ሲኖር የማታውቀው ቅዱስ ስም ያገኛል፤ ለዚህ ነው ሰው ሳልይዝ የማልገባው።

ጣሪያውን ለመጨረሻ አስቀመጥኩት። በተርታ የተሰደሩት ክንፋም ፊቶች ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። አንድ ረድፍ መርጠን ዐይኖቻቸውን ብቻ ተከተልን፤ አንዱ ወደ ግራ ያያል፣ ሌላው ወደ ቀኝ፣ የአንዱ ቅንድብ ከጎረቤቱ ይለያል። ሠዓሊው ለእያንዳንዱ ፊት ጊዜ ሰጥቶታል። አንገት ስለሚደክም ብዙ አልቆየንበትም።

ውጭ ወጥተን ቅጥሩን ስንዞር ታሪኩን ነገርኳቸው። ደብሩን የተከለው ዐፄ አድያም ሰገድ ኢያሱ ነው (የነገሠው እ.ኤ.አ. ከ1682 እስከ 1706)። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ (የሱዳን የመሐዲ ጦር) ጎንደርን ሲያቃጥል ይህ ቤተ ክርስቲያን ተረፈ፤ ንብ ተነሥቶ መለሳቸው ይባላል። በቅጥሩ ላይ ያሉት አሥራ ሁለት ግንቦች የሐዋርያት ምሳሌ ናቸው።

ከድርቡሽ የተረፈ ሁሉ ግን እዚሁ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1932 ማርሴል ግሪዮል የመራው የዳካር–ጅቡቲ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን እዚሁ ጎንደር ያለውን የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ወሰደ። በጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ስለነበሩ ተላጡ። በምትካቸው የቡድኑ ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሠራው ቅጂ ተተካ። ዋናዎቹ አሁን ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። እዚያ በጥንቃቄ ተይዘው ይሆናል፤ እኔ ግን ምእመናን ሊጸልዩበት ያሠሩት ሥዕል ቦታው ጎንደር ነው እላለሁ፣ ለልጆቹም እንዲሁ አልኳቸው።

ታላቁ ልጅ ጫማውን እያሰረ፣ «አባ እንጦንስ ሩቅ ነው?» አለኝ። በማግስቱ ጠዋት ይዣቸው ሄድኩ።