ልጃችሁ ቺፍ ሊሆን ነው? ስለ መዝገቡ፣ ስለ ሣጥኑና ስለ መልሕቁ

በአሜሪካ ባሕር ኃይል የሚያገለግል ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ክረምት ላይ «ለቺፍ ተመረጥኩ» የሚል ስልክ ከደረሳችሁ እስከ መስከረም አጋማሽ ልጁን አታገኙትም። ጎሕ ሳይቀድ ይሮጣል፣ ቅዳሜ ለመዋጮ መኪና ሲያጥብ ይውላል፣ ማታ ማታ ጋራዥ ገብቶ እንጨት ይልጋል። እንቁጣጣሽም እንደ ነገሩ ያልፋል። (ሴት ልጅም ብትሆን ያው ነው።) ይህ ሁሉ ሩጫ ምን እንደሆነ ሳያውቁ የሚቀየሙ ቤተሰቦች ስላሉ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

ቺፍ ፔቲ ኦፊሰር መኮንን አይደለም፤ ከበታች ሹማምንት ወገን ነው፣ በደመወዝ እርከን ሰባተኛው። ማዕረጉ የተፈጠረው ኤፕሪል 1 ቀን 1893 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። በላዩ ያሉት ሲኒየር ቺፍና ማስተር ቺፍ በ1958 ተጨመሩ። ከስድስተኛው ወደ ሰባተኛው መሻገር ግን እንደሌላው እድገት አይደለም። ክብ ነጭ ቆቡ ይቀርና ካኪና ባለ ጥላ ኮፍያ ይመጣል፤ መርከብ ላይ መብያውም መኝታውም ይለያል። መስፈርቱን ያሟላ ሰው ማኅደሩ ቴኔሲ፣ ሚሊንግተን ከተማ ለሚቀመጠው የምርጫ ቦርድ ይቀርባል። ቦርዱ የሚያየው ወረቀት ብቻ ነው። ሰውየውን የሚያዩት ቺፎቹ ናቸው፤ ስሙ ከወጣ በኋላ ያሉት ሳምንታትም ለዚህ የተመደቡ ናቸው።

ቺፎች አንድ ላይ የሚበሉበትና የሚያርፉበት ክፍል «ሜስ» ይባላል፤ ማኅበራቸውም በዚያው ስም ይጠራል። የመርከቡ አዛዥ እንኳ ሲመጣ በር አንኳኩቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ ይገባል። የወግ ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ሥራ አለው። የሞተር ክፍሉ ቺፍና የንብረት ክፍሉ ቺፍ ቢጋጩ የሚጨቃጨቁት እዚያ ውስጥ ነው፤ ከበሩ ሲወጡ አንድ ቃል ይዘው ነው። ሌሊት አንድ ፓምፕ ቢቆምና መለዋወጫው በመደበኛው ጥያቄ ሳምንታት የሚፈጅ ቢሆን፣ ቺፉ ጎን ለቆመው መርከብ ቺፍ ይደውላል፤ ዕቃው በቶሎ ይገኛል፣ ወረቀቱም ተከትሎ ይሠራል። ወረቀቱን «በኋላ እናደርሳለን» ብሎ የረሳ ቺፍ ግን ቆጠራ ሲመጣ እሱም ያበደረውም ይጠየቃሉ። ከኮሌጅ ገና የወጣ ወጣት መኮንን በወረቀት የቺፉ አለቃ ነው፤ ሥራውን የሚያስተምረው ግን ቺፉ ነው። ሰው ፊት ሰላምታ ይሰጠዋል፣ ስህተቱን በር ዘግቶ ይነግረዋል። ይህን ከመጽሐፍ መማር አይቻልም። ሜሱ የራሱ መዋጮና ገንዘብ ያዥ አለው፣ እንደ ዕድር ማለት ነው፤ ሒሳቡም ይመረመራል።

ወደ መዝገቡ ልምጣ። ተመራጩ «ቻርጅ ቡክ» የሚሉትን መዝገብ ይዞ ቺፎችን እየዞረ ምክር ያስጽፋል። ልማዱን ብዙዎች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጋር ያያይዙታል። ብዙ ጊዜ የሚያዘው አረንጓዴ ጠንካራ ልባስ ያለው የመንግሥት መዝገብ ነው፤ መጠኑ 20 በ27 ሳንቲ ሜትር ያህል። ነገሩ የሚበላሸው ተመራጩ ፊርማ መቁጠር ሲጀምር ነው። መቶ ሰው «እንኳን ደስ ያለህ፣ በርታ» ብሎ የጻፈበት መዝገብ ለምንም አይሆንም። ከመሄዱ በፊት ስለ ቺፉ ሙያ ትንሽ ያንብብ፤ ሲደርስ አንድ የተለየ ጥያቄ ይጠይቅ፦ ለምሳሌ «በመጀመሪያው ዓመትህ ምን አበላሸህ?» ገጾቹን በቁጥር ያስይዝ፤ የመጀመሪያዎቹን አራት ገጾች ባዶ ትቶ የጸሐፊውን ስም፣ ሙያ፣ መርከብና ገጽ ይመዝግብባቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ የራዳር ሰው ሲፈልግ የሚገልጠው እነሱን ነው። እስክሪብቶው ተራ ቢክ ይሁን፤ ጄል ቀለም በባሕር እርጥበት ይደበዝዛል፣ ወደ ጀርባም ያልፋል።

ቺፎቹም ዝም ብለው አይጽፉም፤ ታሪክ ይጠይቃሉ። ለመላው ባሕር ኃይል አንድ ሰው ብቻ የሚይዘውን የዋና ማስተር ቺፍነት ሹመት መጀመሪያ ያገኘው ማን ነበር? ዴልበርት ብላክ፣ 1967። በ1917 ቺፍ ሆና የገባችው የመጀመሪያዋ ሴትስ? ሎሬታ ዎልሽ። ለእኛ ልጆች አንድ ልጨምር፦ የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ትልቁ መርከብ «ኢትዮጵያ» በ1962 ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት «ኦርካ» የሚባል የአሜሪካ መርከብ ነበር፤ የአሜሪካ ቺፎች ሜስ ነበረበት ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ተመራጭ ጠያቂውን ዝም ያሰኛል።

መዝገቡ የሚቀመጥበት የእንጨት ሣጥን የብዙዎች ራስ ምታት ነው። ሁልጊዜ የማየው ስህተት የውስጡን ልክ በመዝገቡ ልክ መቁረጥ ነው። በየጎኑ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተው፤ መዝገቡ ወረቀት ሲለጠፍበት ይወፍራል። የገመድ እጀታ በጎኖቹ ቀዳዳ ገብቶ ከውስጥ ይቋጠራል፤ ቋጠሮው ቦታ ስለሚወስድ ቀዳዳዎቹ ከመዝገቡ ከፍታ በላይ ይሁኑ። ለታቹ ኮምፔርሳቶ ይሻላል፤ ወጥ እንጨት ዙሪያውን በኮላ ከተያዘ እርጥበት ሲለዋወጥ መፈናፈኛ አጥቶ ይሰነጠቃል። የናስ ቪቴ ለስላሳ ነው፤ በትራፓኖ ሳይበሱ ወደ ኦክ ቢያስገቡት አንገቱ ይቆረጣል። መጀመሪያ በዚያው ልክ የብረት ቪቴ አስገብቶ ማውጣት፣ ከዚያ የናሱን መተካት ነው። ቨርኒሹ በስሱ ሦስት ጊዜ ይቀባ፣ በመሃል በብርጭቆ ወረቀት ይታሽ፣ መዝገቡ ከመግባቱ በፊት ሣጥኑ ተከፍቶ ሳምንት ይደር። ሳይደርቅ የገባ መዝገብ ልባሱ ተጣብቆ ይቀራል። በዋዜማው የሚቀባ ሁሌም አይጠፋም።

አንዳንድ ተመራጮች ለሳምንት ቦስተን ይላካሉ፣ በ1797 ባሕር ላይ የወረደችው የሸራ መርከብ «ኮንስቲትዩሽን» ላይ። ሸራ ይሰቅላሉ፣ በመድፍ አያያዝ ይለማመዳሉ፣ እዚያው ያድራሉ። ፐርል ሃርበር ላሉት የጦር መርከቧ «ሚዙሪ» አለች። ለኔ ከሁሉ የሚጠቅመው የሸራው ገመድ ነው፤ አንዱ ቢያላላ ክብደቱ ወዲያው ሌሎቹ እጅ ላይ ይወድቃል፣ ማን እንዳላላም ይታወቃል።

የምረቃው ቀን ለቤተሰብ የሚከብደው በሩ ነው። ዝግጅቱ የጦር ሰፈር ውስጥ ከሆነ የአሜሪካ ዜጎች ሪል አይዲ ወይም ፓስፖርት ይያዙ። የውጭ ዜጋ ከሆናችሁ ልጁ አስቀድሞ ማመልከት አለበት፤ የሚፈጀው ጊዜ እንደየሰፈሩ ይለያያል፣ ስለዚህ ስሙ እንደወጣ ይጀመር። እኛ ላይ የሚመጣው ጣጣ ስም ነው፦ አባትና አያት ቦታ ይለዋወጣሉ፣ «ወልደ» እና «ገብረ» አንዴ ተያይዘው አንዴ ተለያይተው ይጻፋሉ። የእንግዶች ዝርዝር ላይ የሚገባው በፓስፖርቱ ላይ ያለው ፊደል ነው፤ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩለት።

የቺፍ ማዕረግ ምልክት የሆኑትን ሁለት መልሕቆች ኮሌታው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰብ ይሰካል፣ ኮፍያውን ስፖንሰሩ (ተመራጩን ሲመራ የቆየው ቺፍ) ይጭናል። ክፍት ኮሌታ ላይ የመልሕቁ መሃል ከፊት ጠርዝም ከታች ጠርዝም 1 ኢንች (2.5 ሳንቲ ሜትር) ገባ ይላል፣ ቁመቱ የኮሌታውን ጫፍ እኩል በሚከፍለው መስመር ላይ። የትኛው በየት በኩል እንደሚሰካ ስፖንሰሩ አስቀድሞ ያሳያችሁ። ጣታችሁን ከኮሌታው በታች አስገብታችሁ ጨርቁን ደግፉ፣ ሁለቱን ሹል እግሮች አሳልፉ፣ ከኋላ ትንንሾቹን ቁልፎች ግፉ። እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ቁልፎቹ ወለል ላይ ይወድቃሉ፤ አራት ትርፍ በኪስ ይኑር። ቁልፉን ሳያስገባ መልሕቁን «ለወጉ» በጡጫ ሊመታ የሚቃጣ የድሮ ሰው ካጋጠመ ደግሞ አስቁሙት፤ ክልክል ነው፣ በወታደራዊ ሕግም ያስቀጣል።