ጓሳ ላይ ሄጄ ውሃ ስከተል ዋልኩ

የካቲት 2011 ነበር። የውሃ መሐንዲስ ከሆነ ጓደኛዬ ጋር ጎህ ሳይቀድ ከአዲስ አበባ ወጣን። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት፣ ብርዷ ግን የሌላ አገር ነው። ሻይ በዳቦ ቀመስንና ቀጠልን። ከከተማው ሲወጡ ሜዳው በግ፣ የገለባ ክምር፣ የድንጋይ አጥርና ኩበት ነው። ኩበቱን ባየሁ ቁጥር ቅር ይለኛል። ማሳ ላይ መዋል የነበረበት ፍግ ምድጃ ውስጥ ይነዳል። ግን እንጨት በሌለበት ደጋ ምን ይደረግ? ብርዱን የቀመሰ ሰው አይፈርድም።

እኔ የጓጓሁት መንዝ ውስጥ ላለው የሣር ምድር፣ ለጓሳ ነበር። ጓደኛዬ ግን መጀመሪያ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል እንውረድ አለ። ጣርማ በር ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን ዋሻ በጭጋግ አለፍን። ከዋሻው ሲወጡ መሬቱ ከእግር ስር የተነጠቀ ይመስላል። ትንሽ እንደወረድን መኪናውን አንድ የመንገድ ቱቦ አጠገብ አቆመና «ውረድ፣ ይህን ሳታይ ጓሳ አይገባህም» አለኝ።

ከቱቦው በታች መሬቱ ተቦርቡሯል። ሰው ቢቆምበት አናቱ አይታይም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ መንገድ ሲሠራ ከዳገቱ የሚወርደው ጎርፍ በቦይ ይሰበሰብና በቱቦ ይሻገራል። አስፋልቱ ተረፈ። ድሮ ዳገቱን ሙሉ ተበትኖ ይወርድ የነበረው ውሃ ግን አሁን ባንድ ጉሮሮ ተጠራቅሞ አንድ ገበሬ ማሳ ላይ ይለቀቃል። መንገዱን ያዳነው ሥራ ነው ማሳውን የበላው።

ባለማሳው ቦረቦሩ ውስጥ ድንጋይ ይደረድሩ ነበር።

«እግዜር ያበርታዎት!» አልናቸው።

«አብሮ ያበርታን!»

ጎርፉን የሚገታ ክትር እየሠሩ ነው። ከክትሩ ጀርባ ደለል ተይዟል፣ ደለሉ ላይ ሣርና ትሪሉሰርን የሚባለው የከብት መኖ ዛፍ በቅሏል። ከላይ ደግሞ ውሃው ቦረቦሩ ሳይደርስ ወደ እርከኑ እንዲታጠፍ ቦይ ቀደውለታል። ማን አስተማረዎት ስላቸው፣ የተፋሰስ ሥራ በዘመቻ ሲሠራ ያዩትን ነው ወደ ራሳቸው ማሳ ያመጡት። «ዘመቻው ጥሩ ነው። ግን ድንጋይ አንዴ ደርድረህ የምትተወው ነገር አይደለም። ክረምት ያፈርሰዋል፣ በጋ እመልሰዋለሁ» አሉኝ። እርከን መሬት ይሻማል፣ አይጥም ይራባበታል ብለው የሚያማርሩ ጎረቤቶች እንዳሉም አልደበቁኝም። እውነታቸውን ነው። ግማሽ ጥማድ መሬት ላላት ቤተሰብ አንድ ሜትር ብዙ ነው። እርከን አልሠራም ያለውን ሁሉ ሰነፍ ማለት አልወድም።

ድንጋይ የማይመልሰው ነገርም አለ። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ በዚሁ በደብረ ሲና አካባቢ ተራራው ተንሸራትቶ ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው ተፈናቅሏል። እንዲህ ያለው ከስር፣ ከጥልቅ ነው የሚመጣው። እርከን አይገታውም። እዚያ የሚያዋጣው መሬቱ ሲሰነጠቅና ምንጭ ቦታ ሲቀይር ልብ ብሎ፣ ሰውን በጊዜ ማንሳት ነው። የሚነሳውም የሚያርፍበት መሬት ያስፈልገዋል።

ተመልሰን ወጣንና ከጣርማ በር ወደ መንዝ ታጠፍን።

ጓሳ ስንደርስ ከሰዓት ሆኗል። ዓይን እስኪደክም ሣር ነው። ጓሳ ሣር፣ ጅብራ፣ አስታ፣ በየገደሉ አፋፍ የጭላዳ መንጋ። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮም እዚህ አለ፣ ሣሩ ውስጥ አይጥ እያደነ ይኖራል። እኛ አንድ ብቻ ከሩቅ አየን። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

መንገድ ያሳዩን አንድ አዛውንት ናቸው፣ በጋቢያቸው ላይ ገሳ ደርበዋል። ገሳውም የጓሳ ሣር ነው። ቤት የሚከደነው በዚሁ፣ ገመድ የሚገመደውም በዚሁ።

«አባባ፣ ይሄን ሁሉ ሣር ማን አስተርፎት ነው?» አልኳቸው።

«ቄሮ ነዋ፣ ልጄ።»

ቄሮ ሲባል ብዙ ሰው ሌላ ነገር ያስባል። የመንዙ ቄሮ ግን ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ጓሳ የተጠበቀበት ሥርዓት ነው። መሬቱ የሁለቱ የጥንት አባቶች፣ የአስቦና የጌራ፣ ዘሮች አጽመ ርስት ነበር። አለቃ ይመርጣሉ፣ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ 3 ዓመትም 5 ዓመትም። ሲደርስ በበጋው ይከፈታል፣ ሰው ያጭዳል፣ ከብት ይገባል። ሐምሌ 5፣ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ሲደርስ ይዘጋል። በዝግ ወቅት ገብቶ ያጨደ ይገረፋል፣ ቤቱ እስከመቃጠል የደረሰበትም አለ። ቅጣቱ ይመለስ አልልም። ግን ለዝናብ አጥ ዓመት ሲባል በጥጋብ ዓመት እጅን መሰብሰብ፣ ሕዝብ በሙሉ ተስማምቶ፣ ቀላል ነገር አይደለም።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ ርስቱ ቀረ፣ ቄሮም አብሮ ፈረሰ። ርስቱ ቀድሞ ያገለላቸው ሰዎች ስለነበሩ አዋጁን ልኮንነው አልችልም። ሣሩ ግን ባለቤት አጣ፣ የቻለ ሁሉ ገባበት። አዛውንቱ ያን ጊዜ ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ኋላ ላይ በየቀበሌው ኮሚቴ ተመርጦ፣ መተዳደሪያ ደንብ ወጥቶ፣ ጥበቃ ተመድቦ ነው ጓሳ እንደገና ሰው ያገኘው። የድሮው ርስተኛ ብቻ ሳይሆን ዙሪያው ያለው ነዋሪ ነው አሁን የሚጠብቀው። እኔ ይሄኛው ይበልጥብኛል።

ሌሊቱን ማኅበረሰቡ ራሱ በሚያስተዳድረው ሎጅ አደርን። ሁለት ብርድ ልብስ አልበቃኝም።

ጠዋት ጓደኛዬ ጫማውን አውልቆ ሣሩ መሃል ቆመ። እኔም ሞከርኩ። እርጥብ ጋቢ እንደመርገጥ ነው። ጭጋጉን ሣሩ ያንጠባጥበዋል፣ ጥቁሩ አፈር ይጠጣዋል፣ ከዚያ በበጋው ቀስ እያለ ወደ ምንጮቹ ይለቀዋል። ትናንት ባየነው ቱቦ የሚወርደው ጎርፍ ባንድ ከሰዓት የሚያልፍ ነው። ይሄኛው ወራት ይቆያል።

ስንወርድ ሁለት ወንዝ ተሻገርን። የመጀመሪያው የሚነሳው ከተራቆተ ጉብታ ነው፣ ድንጋይ ብቻ ቀርቶታል። ሁለተኛው ከጓሳ ስር ነው የሚመጣው። የካቲት ሆኖም ይፈሳል። አንዲት ልጅ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ምንጩ ስር ደገነች። ጓደኛዬ ሰዓቱን አየ። 2 ደቂቃ ሳይሞላ ጀሪካኑ ሞላ። ልጅቷ በነጠላዋ አዝላው ዳገቱን ያዘች፣ ከኋላዋ ሌላዋ ጀሪካኗን አስጠጋች።