ዓይኔን ስተኩስ

ከትናንት ወዲያ የግራ ዓይኔ ቆብ ጠርዙ ላይ አብጦ ነቃሁ። ስታዩት የስንዴ ቅንጣት አያክልም፤ ሕመሙ ግን ለጉድ ነው። ዘዴውን ስለማውቀው ንጹሕ ጨርቅ በሞቀ ውሃ ነከርኩ፣ ጨመቅኩ፣ ጨፍኜ 10 ደቂቃ ያህል ያዝኩበት። ሲቀዘቅዝ እንደገና መንከር ነው። በቀን ሦስት አራት ጊዜ። ሙቀቱ የደም ሥሮቹን ያሰፋል፣ የቆብ ጠርዝ ላይ የረጋውን ቅባት ያላላል። ማፍረጥ ግን የለም፤ እጄን እየበላኝም ቢሆን።

መሀል ላይ አንዷ ጓደኛዬ «ምን እየሠራሽ ነው?» ብላ ጻፈችልኝ። በአንድ ዓይኔ እያየሁ «ዓይኔን እየተኮስኩ» ብዬ መለስኩ። ስልኩ ወዲያው ጮኸ። «የምን ተኩስ ነው? የት ነሽ?»

ሳቄን ስጨርስ ማሰብ ጀመርኩ። ለእሷ መተኮስ ወይ ጠመንጃ ነው ወይ ካውያ። በሞቀ ጨርቅ መተኮስ ጆሮዋ ውስጥ የለም። እሷ ብትሆን «ኮምፕረስ እያደረግኩ» ነበር የምትለው። ይሄ «ማድረግ» የሚባል ነገር ስንቱን ግሥ በላብን!

ቃሉ እኮ ቤተሰቡ ሰፊ ነው። ትኩሳት፣ ትኩስ፣ ተኩስ፣ ተኳሽ። ልብስ ይተኮሳል፣ ቁስል በጋለ ብረት ይተኮሳል፣ ሮኬት ይተኮሳል። ሁሉም ውስጥ እሳት አለ። የድሮ ጠመንጃ ባሩዱ የሚነደው ጫፉ በሚጨስ ገመድ ሲነካ ነበር። የጋለ ነገር ማስነካት ደግሞ መተኮስ ነው። እኔ ጥይቱንና ጨርቁን የማገናኛቸው በዚህ ነው። ዐረብኛውም «ከዋ» ሲል ልብስ መተኮስንም ቁስል በእሳት መተኮስንም ማለቱ ነው።

ይሄን ሳሰላስል አንድ የማፍርበት ነገር ትዝ አለኝ። ከዓመታት በፊት አንድ አሮጌ የእንግሊዝኛ የነርሶች መጽሐፍ ስተረጉም «ፎመንቴሽን» የሚል ቃል ገጠመኝ። «ፎመንት» የሚለውን የማውቀው ከዜና ነው፤ ሁከት መቀስቀስ፣ አመፅ ማነሣሣት። መጽሐፉ ግን በሽተኛው ሆድ ላይ በየአራት ሰዓቱ ይደረግ ይላል። በእኔ ትርጉም ብንሄድ ያ ምስኪን ሆዱ ላይ በየአራት ሰዓቱ አመፅ ሊነሣበት ነው! መዝገበ ቃላት ስገልጥ የቀደመው ትርጉም በሙቅ ጨርቅ መተኮስ ሆኖ አገኘሁት። ማነሣሣት የሚለው የመጣው በ17ኛው መቶ ዘመን ነው። ዛሬ በኩሩ ልጅ ተረስቶ ታናሹ ብቻ ይታወቃል።

ሥሩ ላቲን ነው፤ «ፎዌሬ»። ማሞቅ ማለት ነው፣ መንከባከብም ነው። ወፍ እንቁላሏን ስትታቀፍም ይኸው ቃል ይገባል። «ታቀፈ» የሚለው የእኛ ቃል እንዴት ልክክ እንደሚልለት! ዶሮም ትታቀፋለች፣ እናትም ትታቀፋለች። ከዚያ እቅፍ ተነሥቶ አመፅ ላይ መድረስ ግን ረጅም መንገድ ነው።

ይሁንና «ቆሰቆሰ» አለን። ምድጃ ይቆሰቆሳል፣ ጠብ ይቆሰቆሳል። ስለዚህ እንግሊዞቹን መውቀስ አይቻልም። ሙቀት ሰጥተህ ያቆየኸው ነገር ቁስልም ቢሆን ቂምም ቢሆን አንድ ቀን ይበስላል። ልዩነቱ እነሱ ጨርቁን ረሱት፤ እኛ ጨርቁንም ጥይቱንም በአንድ ግሥ ይዘናል። ለስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ። የጓደኛዬን ድንጋጤ ሳይ ብዙም አይመስለኝም።

ድርጊቱ ራሱ ከቃሉ ይበልጥ ያረጀ ነው። በጥንታዊው ግሪካዊ ሐኪም በሂፖክራተስ ስም ከሚታወቁት የሕክምና ጽሑፎች አንዱ ጎኑን ለሚወጋው ሰው ሙቅ ውሃ በቆዳ ወይም በሸክላ ዕቃ ሞልቶ መያዝን ያዛል። ከሥሩ ለስላሳ ነገር ይደረግ፣ እንዳያሳምመው ይላል። ደረቅ ሙቀት ካስፈለገ ደግሞ የጋለ ጨው በሱፍ ከረጢት። ከ2,000 ዓመት በላይ ያለፈው ምክር ነው። ያቺን «እንዳያሳምመው» የምትለዋን ወደድኳት። ከጨርቁ በፊት ውሃውን በክንዴ የምሞክረው እኔም ለዚያው ነው።

ለጓደኛዬ ይሄን ሁሉ ጻፍኩላት። «እሺ፣ ግን ዓይንሽ እንዴት ነው?» አለችኝ። ጨርቁ ለካ እጄ ላይ ቀዝቅዟል። ውሃ ልጥድ ተነሣሁ።